አዮ የተቀበለችው ሣር

ጥር 13 ቀን 1999 ዓ.ም.። እናታችን አዮ ከኦቦ ኢዶሳ እጅ ሣር ተቀብላለች።

ውድ ወንድሜ ወዚር፣ አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ሰላምታ ሳላስቀድም ወሬ መጀመሬ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። ደብዳቤውን ስትከፍት መጀመሪያ ዓይንህ እዚያ ላይ እንዲያርፍ ስለፈለግኩ ነው። አሁን እንደ ወጉ ልጠይቅህ። እንዴት ነህ? ወገብህስ እንዴት ሆነልህ? እዚያ አብሮህ የሚሠራው ዘይነዲን ለእረፍት እንደመጣ ልጅዎ ከመኪናው የሚወርደው ተደግፎ ነው ብሎ አዮን አስለቅሷት ነበር፤ በኋላ ሳጣራው አንድ ቀን ያየውን ነው ያወራው። ረውዳ ደህና ናት? ልጆቹስ? ጅዳ ሙቀቱ ጋብ አለላችሁ? እኛ አልሐምዱሊላህ በሕይወት አለን። አዮ ዓይኗ ደከመ እንጂ ጉልበቷ ደህና ነው፤ ግቢውን ዛሬም ራሷ ናት የምትጠርገው። ልጄ መፍቱሃ ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች። እኔም ደህና ነኝ ልልህ ነበር። አይደለሁም። ፈርቻለሁ።

አርብ ከጁምዓ በኋላ ስልክ ይደወልልሃል። የሚደውሉት ኦቦ ኢዶሳና አብረውት የመጡት ሽማግሌዎች ናቸው። አባታችን ከሞተ ወዲህ የቤቱ ቃል ያንተ ስለሆነ ቃልህን ይጠይቁሃል። ከእነሱ በፊት የእኔን እንድትሰማ ብዬ ነው ይህን ለዘይነዲን የምሰጠው። ነገ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ሐሙስ እናንተ ዘንድ ይገባል። እኔ ያልደወልኩት ቴሌ ቤት ሆኖ መናገር ገበያ መሃል ቆሞ ከመናገር ስለማይለይ ነው። ቤት ሆኜ እንዳልጽፍ ሰው ይገባል ይወጣል። ዛሬ እሑድ ተረኛ ነኝ፤ ጤና ጣቢያው ጭር ብሏል፤ በሩን ቆልፌ ነው የምጽፍልህ። በሩን መቆለፍ ከጀመርኩ ሰንብቻለሁ።

ከመጀመሪያው ልንገርህ።

በጥቅምት ጎባ ስልጠና እንደሄድኩ ጽፌልህ ነበር። የምን ስልጠና እንደሆነ ግን አልነገርኩህም፤ ያፍርብኛል ብዬ ተውኩት። ተገደው የተደፈሩ ሴቶችን ተቀብሎ ማነጋገር፣ ሐኪም ዘንድ፣ ፖሊስ ዘንድ፣ ፍርድ ቤትም ድረስ አብሮ መሄድ ነው ሥራው። የምክር አገልግሎት ይሉታል። ከሮቤ፣ ከጎባ፣ ከሲናና፣ ከአንገቱ ሳይቀር ተሰብስበን ነበር፤ የሚበዛው የጤና ሠራተኛና አስተማሪ ነው። አሰልጣኟ ሠርከአዲስ ትባላለች። ጎባ ተወልዳ አዲስ አበባ የኖረች፣ ስትናገር ድምፅዋን የማታነሣ ሴት ናት።

ስገባ ምን ልታስተምረኝ ነው ብዬ ነበር። ዕድሜዬን በሙሉ አዋልጄአለሁ፣ መርፌ ወግቻለሁ፣ ሰው ማነጋገር መቼም አይጠፋኝም። ለካ ጠፍቶኝ ነበር። ለምን ብቻሽን ሄድሽ፣ ለምን አልጮኽሽም አይባልም። ሳትፈቅድ እጇ አይያዝም። ከጠረጴዛ ወዲያ ማዶ አትቀመጪ፤ አጠገቧ ተቀመጪ። በእጅሽ የሌለውን ቃል አትግቢላት። ዝም ስትል አንቺም ዝም በይ። ይሄ የመጨረሻው ከሁሉ ከበደን። እኛ አገር ሁለት ሰው ተቀምጦ ዝም ካለ ወይ ተጣልቷል ወይ ታሟል።

አንድ ቀን እንደ ተውኔት ተጫወቱት አለችን። ከአንገቱ የመጣ በለጠ የሚባል ፖሊስ አማካሪ ሆነ፤ ሸዋርጋ የምትባል የጎባ አስተማሪ ደግሞ የተጎዳችው ልጅ። በለጠ ሰላምታውን ጀመረ። ሰላም ነሽ? አባትሽ ሰላም ነው? እናትሽ? ከብቱ? ገብሱ እንዴት ነው? ዝናቡ ጣለላችሁ? እያለ ሲሄድ ሸዋርጋ «ገብሱማ ደህና ነው ጌታዬ፤ እኔ ነኝ ደህና ያልሆንኩት» አለችው። አዳራሹ በሳቅ አወካ። በለጠ ግን ሥራ ላይ ነው፤ ፊቱን እንኳ አልፈታም። «ለመሆኑ የማን ልጅ ነሽ? ጎሳሽስ?» ብሎ ቀጠለ። ሠርከአዲስ እዚያ ላይ አስቆመችው።

ሰላምታው ይርዘም፣ ስለ ገብሱም ጠይቁ፣ ግድ የለም አለች። የማን ልጅ ነሽ ግን አይጠየቅም። ይህን ከጠየቃችሁ በኋላ ልጅቷን አታዩአትም፤ የምታዩት አባቷን ነው። የበደላትንም የማን ልጅ ነው ካላችሁ እንደዚያው። ወይ ዘመድ ይሆንባችኋል፣ ወይ ባለውለታ፣ ወይ ባለጋራ። በለጠ «እንዴ፣ እመቤት! ይህን ሳልጠይቅ ማንን ሰላም እንዳልኩ በምን አውቃለሁ?» አላት። ከልቡ ነበር። ሁላችንም የሳቅነው ያሰብነው እሱኑ ስለነበረ ነው። ምሳ ላይ ከማያውቁን ሰዎች ጋር እየተቀመጥን ጥያቄውን ዋጥ ማድረግ ተለማመድን። ጉሮሮ ላይ እንደ አጥንት ይቆማል። በመጨረሻው ሳምንት ግን ለመድኩት።

ወዚር፣ ዛሬ እዚህ ያደረሰኝ ያ ያልጠየቅኩት ጥያቄ ነው።

በታኅሣሥ መግቢያ ኢብቲሳም የምትባል ተማሪ ጤና ጣቢያ መጣች። ቤተሰቦቿ ከሲናና ወዲያ ገበሬዎች ናቸው፤ እሷ ሮቤ ቤት ተከራይታ አሥረኛ ክፍል ትማራለች። ትምህርት ዘግይታ የጀመረች ናት፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ራሴን አመመኝ አለች። በሽተኛው ሁሉ ተስተናግዶ እስኪያልቅ ተራዋን ለሌላ እየለቀቀች ቆየች። ወንበሬን ከጠረጴዛው ጀርባ አውጥቼ አጠገቧ አደረግኩት። ስንዴው ተሰበሰበ ወይ አልኳት። ኮምባይነር ገብቷል አለችና አፏ ተዘጋ። እኔም እንደተማርኩት ዝም አልኩ። ከውጭ በር ይንኳኳል። አልከፈትኩም። በመጨረሻ ነገረችኝ።

የነገረችኝን አልጽፍልህም፤ የእሷ ነው። አንተ ማወቅ ያለብህ ይህን ነው። ለአጨዳው አባቷን ልትረዳ አገር ቤት ወርዳ ሳለ ኮምባይነሩን የሚነዳው ሰው በግድ ደፍሯታል። ስሙን አልጠራችውም፤ «ኦፕሬተሩ» ነው ያለችው። እኔም የማን ልጅ ነው አላልኩም። የማን ልጅ ነሽም አላልኳትም። እሷ ግን አንድ ነገር ጠየቀችኝ፤ አብረሽኝ ትሄጃለሽ ወይ አለችኝ። እሄዳለሁ አልኳት። በእጅሽ የሌለውን ቃል አትግቢ ተብያለሁ፤ ይሄ በእጄ ያለ ነበር።

በዚያው ቀን ጎባ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት፤ ከዚያ ፖሊስ ዘንድ ሄድን። ጽሕፈት ያዡ የተጠርጣሪውን ሙሉ ስም ጠየቃት። ጫሊ ኢዶሳ አለች። ኢዶሳ የሚባል ሞልቷል አልኩ በልቤ። ቀጥሎ የአያቱን ስም ጠየቃት። ቀጥሎ መንደሩን። እኔ አጠገቧ ቆሜ ነበር፤ ግድግዳውን ተደገፍኩ። ኢብቲሳም ዞር ብላ አየችኝ። ቃል ገብቼላታለሁ፤ ምን ልበላት?

ጫሊ የኦቦ ኢዶሳ የመጨረሻ ልጅ ነው። ኦቦ ኢዶሳ ማን እንደሆነ ላንተ መንገር አይገባኝም ነበር፤ ግን ልጻፈው፣ እኔም አልረሳሁትም። በአፈሳው ጊዜ ክረምቱን ሙሉ በጎተራው የደበቀህ ሰው ነው። የገዛ ልጆቹ እንኳ እንዳያውቁ ምግብህን ራሱ ነበር የሚያመላልስልህ። ካድሬዎቹ ገርፈውት አልተናገረም። አባታችን የሞተ ቀን መቃብሩ ውስጥ ወርዶ የተቀበለውም እሱ ነው። አንተ ከጎተራው ስትወጣ ጫሊ ገና ድክ ድክ ይል ነበር፤ በትከሻህ ተሸክመህ ከረሜላ የገዛህለት እሱ ነው። አሁን ትልቅ ሰው ሆኗል። ኮምባይነር ይነዳል።

የማን ልጅ ነው ብዬ አስቀድሜ ጠይቄ ቢሆን አብሬሽ እሄዳለሁ እላት ነበር ወይ? ሌሊት ሌሊት ይህንኑ ነው የማስበው። አላውቅም ወዚር። እላት ነበር ብልህ እዋሽሃለሁ።

ጫሊ ተይዞ በዋስ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ከተማው ተለወጠብኝ። የጋሪ ነጂዎቹን ታውቃቸዋለህ፤ ግማሾቹን እኔ ነኝ ያዋለድኳቸው። ከሩቅ ሲያዩኝ «እትዬ ዙህራ፣ ጋሪው ላይ ውጪ!» ይሉ የነበሩት አሁን ፈረሱን ገርፈው ያልፉኛል። የኢብቲሳም አከራይ ክፍሌን ለእህል እፈልገዋለሁ ብላ አስወጣቻት። አብራት የምትኖረው ጓደኛዋም ጥላት ሄደች። እኔ ቤት አመጣኋት። ይህን ማድረግ አይገባም ተብለን ነበር፤ ሥራን ቤት አታምጡ ብላናለች ሠርከአዲስ። ሌላ የት ላድርጋት?

ከገና በፊት ገበያ ስወጣ የጫሊ ታላቅ ወንድም ጋሪ ላይ ተቀምጦ ጠራኝ። አልጮኸም፣ አልሰደበኝም። እየሳቀ ነው የነገረኝ። «ዙህራ፣ ለሰው ልጅ እንዲህ ስትሮጪ ያንቺዋን ማን ያይልሻል? መፍቱሃ አደገች አሉ» አለኝ። አጠገቡ የነበሩት ሳቁ። ሽንኩርቱን ሳልከፍል ይዤ ሄጄ ባለ ሱቋ ተከትላ አስመለሰችኝ። በማግስቱ መፍቱሃን ይዤ ጎባ ወሰድኳትና ለሸዋርጋ ሰጠኋት፤ እዚያው ነው የምትማረው። የክርስቲያን ቤት ነው ብለህ አትጨነቅ፤ ሥጋ ካልሆነ ሁሉን ትበላለች፣ ሸዋርጋም ይህን ታውቃለች። አባቷ በሕይወት ቢኖር ምን ይለኝ እንደነበር አላውቅም። ለአዮ ትምህርቱ እዚያ ይሻላል ብያታለሁ። ያመነችኝ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ሣሩ ልምጣ።

አዮ ከጎረቤታችን ጋር በባሕር ዛፉ እንደተጣላች አለች። ዛፉ ድንበር አለፈ አላለፈ ሲባባሉ ሦስተኛ ክረምታቸውን ይዘዋል። ሽማግሌ ይመጣል ብላ ስትጠብቅ ነበር፤ ካልመጣ እኔ አልልክም ብላ አኩርፋለች። ሐሙስ ለት፣ የከተራ ቀን፣ እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ ኦቦ ኢዶሳ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ ግቢ ገባ። በእጁ ለምለም ሣር ይዟል። በዚህ በጋ እንዲያ ያለ ሣር ከወንዝ ዳር ካልሆነ አይገኝም፤ አስበውበት ወርደው ያጨዱት ነው። አዮ ዓይኗ ደክሟል፤ ሣሩ አረንጓዴ መሆኑን ግን አየች። ለባሕር ዛፉ የመጡ መሰላት። አፋቸውን እስኪከፍቱ እንኳ አልጠበቀችም፤ በሁለት እጇ ተቀብላ ሳመችውና «ተቀብያለሁ፣ ተቀብያለሁ፤ ከፈለገም ይቁረጠው!» አለች።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ኦቦ ኢዶሳ ስለ ዛፍ አይደለም የመጣነው አላት። ያን ጊዜ ሣሩ እጇ ላይ ነበር።

ሣር ይዞ የመጣን ሰው መመለስ እንደማይቻል፣ ተቀብሎ መካድ ደግሞ ከዚያም የባሰ እንደሆነ አንተም ታውቃለህ። የጠየቁት ይህን ነው። ሰኞ፣ ማለት ነገ፣ ጎባ ፍርድ ቤት ቀጠሮ አለ፤ ዙህራ እንዳትሄድ። ለምስክርነትም እንዳትቆም። ልጅቷን ጫሊ በኒካሕ ያግባት፣ አባቷ ተስማምቷል። ነገ ጠዋት ተመልሰው መልሱን ሰምተው ሻይ ጠጥተው ይለያያሉ። ጉዳዩ በአንድ ቀጠሮ ስለማያልቅ፣ እኔም ነገ ባልሰማ ኋላ እንድሰማ፣ ያንተን ቃል በስልክ ይቀበላሉ። አዮ ሁሉንም ሰማች። ሣሩን ከጣሪያው ማገር ሥር ሰክታዋለች። ደርቋል፤ ግን አለ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ኢብቲሳም ከመጋረጃው ጀርባ ነበረች። ማንም እንዳለች አላወቀም። ማታ ስገባ ደብተሮቿን በፌስታል ቋጥራ በሩ አጠገብ ቆማ አገኘኋት። «እትዬ፣ እኔ አንቺን ከሰው ማጣላት አልፈልግም፤ ልሂድ» አለችኝ። የት አልኳት። ፌስታሉን አጥብቃ ያዘች። እሱን ማግባት ትፈልጊያለሽ ወይ አልኳት፤ ይህን መጠየቅ ይፈቀዳል። ሳልጨርስ አይሆንም ብላ ራሷን ነቀነቀች። ፌስታሉን ተቀብዬ ደብተሮቹን መልሼ ደረደርኳቸው።

ትናንት ደግሞ ኦቦ ኢዶሳ ራሱ ጤና ጣቢያ መጣ። ከበሽተኞቹ ጋር አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ተራውን ጠበቀ። ሲገባ ሰላምታው እንደ ድሮው ነበር፤ ስለ አዮ ዓይን ጠየቀኝ፣ ስላንተ ወገብ ጠየቀኝ፣ ስለ መፍቱሃ ትምህርት ጠየቀኝ። መፍቱሃን ሲጠራ ደነገጥኩ፤ ክፋት ግን አልነበረበትም። ልጁ ገበያ ላይ ያለኝን የሰማ አይመስለኝም። ከዚያ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ «ዙህራ፣ ጥፋቱን አልክድሽም። ግን ልጄ ነው» አለኝ። «ወዚርም ልጄ ነበር» አለና ተነሥቶ ወጣ። ከጋሪው ሳቅ ይልቅ ያ ነው ያስፈራኝ። አልዛተብኝም፣ አልዋሸም። ያለው ሁሉ እውነት ነው።

አዮን ስለ ነገ ጠየቅኳት። መሄድሽ ነው አለችኝ። እንጃ አልኳት። «ሣር ተቀብለው ካዱ ከተባልን እኔ ስሞት ማን ይቀብረኛል?» አለች። ለቅሶዬ ላይ የሚቆመው ማነው፣ ውሃ የሚቀዳውስ፣ እያለች አንድ በአንድ ጠራቻቸው፤ ሁሉም የኦቦ ኢዶሳ ሰዎች ናቸው። ስልጠናው ላይ እናት ሣር ስትቀበል ምን ይደረጋል የሚል ትምህርት አልነበረም።

እንግዲህ ወዚር፣ የምለምንህ ይህን ነው። አርብ ሲደውሉልህ ቃልህን አትስጣቸው። ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ድምፁን ስትሰማ የጎተራው ሽታ ይመጣብሃል። የሚገባህን ያህል አመስግነው፣ ያለህን ሁሉ ላክለት፣ ሐጅ ጥራው፣ በጀርባህ አዝለህ መካን አዙረው። ይህን ግን አትስጠው፤ ያንተ አይደለማ። ጎተራ ውስጥ የተደበቅከው አንተ ነህ፤ ለዚያ ውለታ ኢብቲሳም እንዴት ትሰጣለች? አይሆንም ማለት ካቃተህ ደግሞ ስልኩን አታንሣ። ዘይነዲን ሥራ ላይ ነው ይበልልህ። ሌላ ዘዴ አላውቅም።

ተቆጥተህብኝ ከሆነም ጻፍልኝ። እኔ ግን እውነቱን ነገርኩህ። እስካሁን ድረስ ነገ የምሄድ መሆኔን አላውቅም። ሰው እየመጣ ነው፤ በሩ እየተንኳኳ ነው። እዚህ ላይ ላቁም።

ሰኞ ጠዋት ነው። የቀረውን ረዲ ሱቅ ባንኮኒ ላይ ቆሜ ነው የምጽፍልህ፤ ጽሕፈቴ ቢበላሽ ለዚያ ነው።

ሌሊቱን ዝናብ ሳይኖር የቆርቆሮው ጣሪያ ተንኳኳ። ድንጋይ ይሁን የድመት እግር አልወጣሁም፤ ኢብቲሳምም እኔም ተቀምጠን አነጋን። ንጋት ላይ እሷ ልብሷን ቀየረች። ምንም አልጠየቀችኝም። ሻሿን አስራ ወጣች፤ መንገዱን አቋርጣ ወደ ሚኒባሶቹ ስትሄድ በመስኮት አየኋት። ብቻዋን ልትሄድ ነው። አብሬሽ እሄዳለሁ ብያት እንደነበር አላስታወሰችኝም። ብታስታውሰኝ ይሻለኝ ነበር።

አዮ ከሰላቷ ተነሥታ ምንጣፏን አጠፈች። ሽማግሌዎቹ ሁለት ሰዓት ላይ ይመጣሉ፣ ስኳር የለም፣ ሂጂና ከረዲ ስኳር አምጪ አለችኝ። ስኳር እንዳለ አውቃለሁ፤ ቅዳሜ ነው የገዛሁት። እሺ ብዬ ነጠላዬን ያዝኩ። በሩ ላይ ስደርስ ቆይ አለችኝና ወደ ጓዳ ገባች። አልጋው ሥር እጇን ሰድዳ ሲንቄዋን አወጣች። አያታችን በሠርጓ ቀን የሰጠቻት በትር ነው፤ ድሮ ከበሩ ጀርባ ይቆም እንደነበር ታስታውሳለህ። ኡስታዞቹ ይሄ የጃሂሎች፣ የአላዋቂዎች ነገር ነው ካሉ ወዲህ አዮ ከዚያ አንስታ ደብቃው ነበር። እኔ ሳገባ ከተሜ ነኝ፣ ምን ያደርግልኛል ብዬ የራሴን አልቀበልም እንዳልኩ አንተም ስቀህብኛል። ያንን በትር በያዘች ሴት ላይ ወንድ እጁን እንደማያነሣ፣ መንገድም እንደማይዘጋባት ግን ሁላችንም እናውቃለን።

«ያዢው፤ ውሻ አለ» አለችኝ።

በእኛና በረዲ ሱቅ መካከል ውሻ ያለው ሰው የለም። ለምን አልኳት ብልህ ውሸት ነው፤ አልጠየቅኳትም። ፊቷን ለማየት ሞከርኩ፤ ዞራ ሣሩ ከተሰካበት ሥር ቆማ ነበር።

አሁን በትሩ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ቆሟል። ረዲ አየው፤ ስኳሩን መመዘን አቁሞ እሱን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ «ሁለት ኪሎ ይበቃል?» ብሎ ቀጠለ። የጫሊ ወንድም ከመንገዱ ማዶ ጋሪው ላይ ነው። እሱም አይቷል፤ ዛሬ ግን አልሳቀም። ሚኒባሱ ግማሹን ሞልቷል። ኢብቲሳም መስኮቱ ጋ ተቀምጣ ወደፊት ብቻ ታያለች። ረዳቱ ጎባ፣ ጎባ እያለ ይጣራል። ፍርሃቴ እንዳለ ነው ወዚር፤ በትር ስለያዝኩ አልቀነሰም።

ረውዳን እጅ እጇን ሳምልኝ፤ የላከችው የዓይን ጠብታ አዮን ጠቅሟታል በላት። ሁዘይፋ ቁርኣኑን የት አደረሰ? ጎበዝ ብላሃለች አክስትህ በለው። ትንሿን ሱመያን ጉንጯን ሳምልኝ፤ ፎቶዋን መፍቱሃ ይዛው ጎባ ሄዳለች። ለዘይነዲን ወንድሞች፣ አብረውህ ለሚሠሩት የባሌ ልጆች ሁሉ ሰላም በልልኝ። አዮ ሰላም ትልሃለች። ይህን ብላ አላዘዘችኝም፤ ግን ትልሃለች።

ዘይነዲን ደብዳቤውን ከረዲ እጅ ይወስዳል። አርብ የነገርኩህን አደራ።

ስኳሩ ተመዝኗል። ሁለት ሰዓት ሊሞላ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ሦስቱም በታችኛው መንገድ ሲመጡ ይታዩኛል። ረዲን ስኳሩን ለአዮ አድርስልኝ አልኩት። በትሩን አንስቻለሁ። መንገዱን ልሻገር ነው።

እህትህ ዙህራ
ሮቤ፣ ጥር 14 ቀን 1999 ዓ.ም.